ብርሃን በጠርሙስ ውስጥ ሲያልፍ

ማክሰኞ
መብራት አልጠፋም፤ ተመስገን። በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፈው የፊዚክስ ትምህርት እንዳለቀ፣ በተረፈችኝ ደቂቃ በፍላሽ ያመጣሁትን ፊልም በላፕቶፕ አሳየኋቸው። ብርሃን በውኃ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከታች ወደ ክዳኑ ሲሄድ። አዎ፣ ሲሄድ ይታያል፤ ዳሞታ ተራራን እንደሚወጣ ሽማግሌ ቀስ ብሎ። የአስራ አንደኛ ቢ ተማሪዎች ወንበራቸውን ትተው ላፕቶፑን ከበቡ። እንዲህ መከበብ ስላልለመድኩ ደነገጥኩ። አንድ ብልጭታ ነው፣ ካሜራው ተከትሎት ነው አልኳቸው።

ምሕረት የምትባል ተማሪ አለችኝ። አባቷ ወደ ሶሻል ተሻግረሽ ሕግ አጥኚ እያሉ ይጨቀጭቋታል። ስትወጣ "እዚሁ ናቹራል እቀራለሁ" አለችኝ። መቀየር የሚቻለው እስከ ሰኞ ነው።

ረቡዕ
ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስለ ካሜራው አነበብኩ። ምነው ባላነበብኩ። አንድ ብልጭታ አይደለም። ብልጭታው እልፍ ጊዜ ይደጋገማል፤ ካሜራው ከእያንዳንዱ ብልጭታ ቀጭን ቁራጭ ብቻ ይይዛል፤ ቁራጮቹን የሚገጣጥመው ኮምፒውተር ነው።

ሐሙስ
ነገርኳቸው። ምሕረት እጇን አወጣች።
"ታዲያ ያየነው ብርሃን የለማ፣ ቲቸር። ቅጥልጥል ነው።"
አባቷ ደስ ሊላቸው ነው። ፕላዝማን ማንም ጥያቄ አይጠይቀውም። ዛሬ ቀናሁበት።

ዓርብ
መብራት የለም። ስለ ብርሃን ያለ መብራት አስተማርኩ። ምሕረት ደብተሯን አልከፈተችም።

ቅዳሜ
የሒሳብ አስተማሪው ሰርግ፣ ኦቶና አካባቢ። ቪዲዮ ቀራጩ ሙሽሮቹን ከመኪና አስወርዶ መልሶ አሳፈራቸው፤ "አልሳቃችሁም" እያለ። ቀጥሎ የሙሽራው አጎት ጋሽ አንጁሎ ምርቃቱን እንዲደግሙ ተጠየቁ። መጀመሪያ በወላይትኛ ረዥም አድርገው መርቀው ነበር። ሲደግሙ አሳጠሩት። በሦስተኛው "ቅድም ያልኩት ይጽና" ብለው ቁጭ አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ጋሽ አንጁሎ ይደክማቸዋል። ብርሃን አይደክመውም። ሁሌም ያንኑ ስለሚደግም ነው ቁራጩ ከቁራጩ የሚገጥመው። ውሸት አይደለም፤ የማይሰለች መራቂ ማግኘት ነው።

ሰኞ
ከሰልፍ በኋላ ምሕረትን ባንዲራው ሥር አገኘኋት። የጋሽ አንጁሎን ነገር ስነግራት ሳቀች፤ ጎረቤታቸው ናቸው ለካ። ከዚያ ብርሃን ግን ሳይደክመው ያንኑ እንደሚደግም ነገርኳት። ሳቋን ተወችው።
"ሁሉም ብልጭታ አንድ ዓይነት መሆኑን ግን ማን አየ፣ ቲቸር?"
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ደብተርሽ ላይ ጻፊው አልኳት።

አመስግና ሄደች። በዚያ መንገድ ክፍላቸውም፣ ወደ ሶሻል የሚቀየርበት የዩኒት ሊደሩ ቢሮም አለ። ወደየትኛው እንደገባች አላየሁም፤ ሌላ ክፍል ፕላዝማ ልከፍት እየሮጥኩ ነበር።

ጥያቄዋ ግን የሶሻል አይመስልም።