በገመድ ላይ ያለው ወረቀት፦ የወይዘሮ ጠብታ የሕይወት ታሪክ

ባለቤታቸው እንደሚሉት፣ ወይዘሮ ጠብታ በመጨረሻው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ በጓሮው የልብስ ገመድ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ወደ ቤት እንዲያስገቡት ነግረዋቸዋል። ልጃቸው እንደምትለው ደግሞ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቷ እጇን ይዘው፣ ሥዕሉን ዝናብ ሳይመታው ማንም እንዳይነካው አደራ ብለዋታል። ሁለቱም ከአልጋው ያልራቁ፣ በሰሙት ላይ ቃል የማይጨምሩ ሰዎች ናቸው። ሥዕሉ ግን አንድ ነው፤ ገብቶም ውጭ ቀርቶም ሊሆን አይችልም። ወይዘሮ ጠብታ ካረፉበት ሰዓት ጀምሮ ቤተሰቡ በሐዘኑ ላይ ይህን ክርክር ደርቦ ተቀምጧል። ነገሩ ለምን እንዲህ እንደከበደ የሚገባው ሕይወታቸውን ለሰማ ሰው ነውና ከመጀመሪያው እንነሣ።

ወይዘሮ ጠብታ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በወንዝ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በልጅነታቸው በአባታቸው እርሳስ ሳንቃ ላይ ይስሉ ነበር፤ አባታቸውም ሳንቃውን ለሥራ ሲፈልጉት በመላጊያ ልገው ያጠፉት ነበር። ኋላ ላይ ሥዕል የማጥፋትን ሙያ የተማሩት ከአባታቸው እንደሆነ እየቀለዱ ያወሩ ነበር። ትምህርት ቤት ሲገቡ የሳይንስ መምህሩ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ ሰሌዳ ላይ መሳል ባቃታቸው ቁጥር ጠመኔውን ለእሳቸው ያቀብሉ ጀመር። ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ በእኚሁ መምህር ምስክርነት በአንድ የሰብል ምርምር መሥሪያ ቤት በሥዕል ክፍል ተቀጠሩ።

ሥራቸው የታመመ ቅጠል መሳል ነበር። ለገበሬዎች በሚታተሙት መጻሕፍት ውስጥ ዋግ የመታው፣ ትል የበላው፣ ጠርዙ የጠወለገ ቅጠል ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ ውኃ በማያስለቅቀው ጥቁር ቀለም፣ በመጨረሻ በስሱ የውኃ ቀለም ይሠሩታል። ከብዕሩ አንዲት ጠብታ ካመለጠች የሳምንት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ከእሳቸው ብዕር አምልጣ አታውቅም። የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ የዚህች ልጅ ብዕር አንድ ቀን ጠብ ካደረገች መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል እያሉ ሲቀልዱ፣ ቀልዱ ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱም ዘመዱም ጠብታ ብሎ ነው የሚጠራቸው።

ባለቤታቸውን ያገኙት በመስክ ሥራ ላይ ነው። ባለቤታቸው ያኔ የመሥሪያ ቤቱ መኪና አሽከርካሪ ነበሩ። አንድ ቀን እርሻ መካከል ዶፍ ሲጥል ዣንጥላ ይዘው ሮጡና ከወረቀቱ በላይ ዘረጉት፤ ሠዓሊዋን ዝናብ አራሳቸው፣ ወረቀቱ ግን ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። ወይዘሮ ጠብታ ይህን ሰው ያገባሁት ሥራዬን ከእኔ አስበልጦ ስላዳነልኝ ነው ሲሉ፣ ባለቤታቸው ደግሞ ዣንጥላው ጠባብ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም ብለው ይከራከሩ ነበር። በትዳራቸው ዛሬ የፊዚክስ መምህርት የሆነችውን አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

መጻሕፍቱ በፎቶግራፍ መታተም ሲጀምሩ የሥዕል ክፍሉ ተዘጋ። ወይዘሮ ጠብታ ጡረታቸው ሳይደርስ ብሩሾቻቸውን በካርቶን ይዘው ቤት ገቡ። ለረጅም ጊዜ ካርቶኑን አልከፈቱትም። አንድ ክረምት ከፍተው በወንዙ መታጠፊያ የበቀለውን የደንገል ሣር ሳሉና መስኮት ሥር ትተውት ወጡ። ሲመለሱ ከአሸንዳው የሚፈናጠቀው ውኃ አግኝቶታል። የውኃ ቀለሙ ፈሷል፣ አረንጓዴው ከሰማያዊው ገብቷል፤ ጥቁሩ መስመር ግን እንዳለ ቆሟል። ባለቤታቸው አዝነው ሊያጽናኗቸው ሲሞክሩ የመለሱላቸው ቃል በቤቱ አይረሳም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ቅጠል ስስል አንድም ቀን እርጥብ ቅጠል ስዬ አላውቅም ነበር።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ዕረፍት የሚባል ነገር አላወቁም። እርጥብ ቀለም ላይ ጨው ይነሰንሳሉ፤ በቀጭን ቱቦ እየነፉ ቀለሙን ይነዱታል፤ ከወንዝ ያመጡትን ቅጠል ወረቀቱ ላይ አስተኝተው ድንጋይ ይጭኑበታል። ያልወደዱትን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነክረው በስፖንጅ ያጥቡታል፤ በተረፈው መስመር ላይ እንደገና ይጀምራሉ። ገንዳው ዙሪያውን ሰማያዊ ቀለበት አወጣ። በዚያ ቤት ገላውን የታጠበ እንግዳ ታጥቦ ሳይሆን ተቀብቶ ነው የሚወጣው ተባለ። አብዛኛውን ሥራቸውን ቀድደው ይጥሉታል። ልጃቸው ለምን ብላ ስትጠይቅ፣ ከምሳ በፊት ሕያው ነበር፣ ከምሳ በኋላ ነካክቼ ገደልኩት ይሏታል። ጎረቤት ሊያደንቅ መጥቶ ላዩ በየት በኩል ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ያን ቀን እራት አይበሉም።

አንድ ጊዜ ለሕዝብ ለማሳየት ደፍረው ወደ አንድ አዳራሽ ሥዕሎቻቸውን ላኩ። የአዳራሹ ኃላፊ ደውለው እጅግ በትሕትና ይቅርታ ጠየቁ፤ ሥዕሎቹ በመንገድ ላይ ውኃ ገብቶባቸው ተበላሽተዋል፣ ሹፌሩንም ተቆጥተነዋል አሉ። ወይዘሮ ጠብታ ስልኩን ዘግተው ሳቁ። ትንሽ ቆይተው አለቀሱ። ከዚያ ሹፌሩ ያለ ጥፋቱ እንዳይቀጣ ብለው መልሰው ደወሉ። ሥዕሎቹ ግን ሳይሰቀሉ ተመለሱ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የመጣው ከሚወዷቸው ሰው ነው። በአንድ በጋ ማብቂያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙን እንዲያፈስላቸው ብለው ወራት የደከሙባቸውን ሥዕሎች ጓሮ ገመድ ላይ ሰቅለው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ባለቤታቸው ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ሮጡ፤ አንዱንም ሳያስነኩ ሰበሰቧቸው፤ ወረቀቱን ጤዛ ስላረጠበውም በፎጣ መካከል አድርገው በካውያ ተኮሱት። ወይዘሮ ጠብታ ሲመለሱ ሥዕሎቹ እንደ ሸሚዝ ታጥፈው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ጠበቋቸው። ከዚያም ያለ ቁጣ እንዲህ አሉ፦

«ያዳንካቸው መስሎህ ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ግን ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁትን ዝናብ በካውያ ተኮስክብኝ።»

ባለቤታቸው ይህን ሲያስታውሱ ዛሬም ድረስ ወለል ወለሉን ያያሉ። ወይዘሮ ጠብታም ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ወረቀት ገመድ ላይ አልሰቀሉም። ይቅር ማለታቸውን እናውቃለን፤ ነገሩን ግን እንደገና ለመሞከር አቅም አጡ።

ባለፈው ዓመት የልብ ድካም ያዛቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብሩሹን ይጥላሉ ብለን ነበር፤ እሳቸው ግን መስመሩ እንደ ደንገሉ መወዛወዝ የጀመረው ገና አሁን ነው ብለው ያንኑ የወንዙን መታጠፊያ በትልቅ ወረቀት ሳሉት። ጥቁሩን መስመር በሚንቀጠቀጥ እጅ አሰመሩ፤ የውኃ ቀለሙን አወፍረው ጫኑበት። ከዚያም ባለቤታቸውን የልብስ መቆንጠጫ አቀብለኝ ብለው፣ ራሳቸው ገመዱ ላይ ሰቅለውት ተኙ። ዝናቡ ግን ዘገየ። በየማለዳው መጋረጃው እንዲገለጥላቸው እየጠየቁ ሰማዩን ያዩ ነበር። ባለቤታቸውም ደመና ባንዣበበ ቁጥር ከወንበራቸው እየተነሡ፣ ላስገባው ወይስ ልተወው በሚል ጭንቀት በረንዳው ላይ ይመላለሱ ነበር። ባለቤታቸው አስገባው የተባሉት ምናልባት ከዚህ ጭንቀት እንዲያርፉ ታስቦላቸው ሊሆን ይችላል። ምናልባትም ወይዘሮ ጠብታ ከልባቸው ደክሟቸው ነው። የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ጠብታ ትናንት ማለዳ፣ ሰማዩ እንደ ጠራ፣ በቤታቸው አረፉ። የሚፈልጉትን አንድ ሥዕል ሳይሠሩ ነው የሄዱት፤ ይህን ብንሸፋፍነው እሳቸው ራሳቸው አይወዱልንም። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ታላቅ እህታቸውና እኛ የእህታቸው ልጆች በሐዘን ቀርተናል። በሕይወት ሳሉ ዕረፍት ያጣችውን ነፍሳቸውን ፈጣሪ በለመለመ ውኃ ዳር ያሳርፍልን። ለጎደለብንም ሁሉ መጽናናትን ይስጠን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ሰማዩ ጠቆረ። ለቀስተኛው ከጓሮ ወደ በረንዳ ሸሸ። ይቆይ ስትል የነበረችው ልጃቸው፣ የእናቷ የመጨረሻ የእጅ ሥራ መሆኑ ድንገት ታይቷት ይመስላል፣ አባዬ ላስገባው፣ ይታጠባል እኮ እያለች ወደ ገመዱ ሮጣ አንዱን መቆንጠጫ ያዘች። ባለቤታቸው ያንን አሮጌ ዣንጥላ ዘርግተው ከኋላዋ ደረሱ። ሥዕሉን ሊከልሉት ነው ብለን ጠበቅን። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ደንገሉ ላይ አረፉ። እሳቸው ዣንጥላውን አጠፉና በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ፦

«ልቀቂው፣ ልጄ። ወረቀቱ ይቆይ። ይህን ዣንጥላም ከእጄ ውሰዱልኝ።»