«ርካሽ» የተባለው የገዛ ፀጉሬ

ለተከበሩ የፀጉር ሥራ ሙያ ምዘና ማዕከል ዋና መዛኝ፣
ባሉበት፤

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ዓይንዎም ብሩህ ይሁን፤ በተለይ ዓይንዎ። ይህን የምጽፍልዎ ባለፈው ሳምንት በተግባር ፈተናው አዳራሽ፣ አራተኛው ወንበር ላይ፣ ለታላቅ እህቴ ሞዴል ሆኜ የተቀመጥኩት፣ ትምህርት ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩና ሰፈሩ ሁሉ «ጉዷ» የሚለኝ ነኝ። ደብዳቤዬን ከውጤት ሰሌዳው ጎን የለጠፍኩት ወደ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስቴም ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለችኝ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። እናቴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያቃታትን፣ እኔን አንድ ቦታ ማስቀመጥን፣ ማዕከልዎ በአራት ሰዓት ውስጥ ፈጽሞታል።

እህቴ በአንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጭንቅላት ስታጥብ የኖረች ናት፤ ምስክር ወረቀት ስለሌላት መቀስም መርፌም አትነካም፣ የምትነካው ሻምፖ ብቻ ነው፣ እሱም እጇን ሰነጣጥቆታል። የሳሎኑ ባለቤት «ወንበሩን እስከ ወሩ መጨረሻ አቆይልሻለሁ፣ ከዚያ ወረቀት ላላት እሰጠዋለሁ» ብላታለች። እርስዎ ደግሞ በውጤቷ ላይ «የተጨመረው ፀጉር ሻካራ፣ ጫፉ የተሰነጣጠቀ፣ ከሞዴሏ የተፈጥሮ ፀጉር ጋር የማይመሳሰል፤ ተፈታኟ ብቁ አይደለችም» ብለው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፉ። ቅሬታዎቼ እነሆ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው። እህቴ የሚጨመረውን ፀጉር፣ ሂውማን ሄሩን፣ ስትመርጥ አምፖል አታምንም፤ እሽጉን ይዛ ከሱቁ በር ላይ ትወጣና በቀን ብርሃን፣ ያውም ከፀጉሬ ሥር ሳይሆን ከጫፉ ጋር ታስተያየዋለች፣ ምክንያቱም የሚገናኙት ጫፍና ጫፍ ናቸው። ቀጥላ አንድ ዘለላ ውሃ ውስጥ ነክራ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ ፀጉርም እንደ ሰው ነው፣ ትክክለኛ ጸባዩ የሚታወቀው ከረጠበ በኋላ ነው ትላለች። ሻጩ መሮት «የኔ እህት፣ ፀጉር ነው የምትገዢው ወይስ ባል ነው የምታጪው?» ቢላት፣ «ባልማ ቢሆን እንዲህ አልደክምለትም» አለችው። ለዚህ ሁሉ ልፋት «የማይመሳሰል» የሚል ዋጋ ስለሰጧት እጅ እነሣለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለያዙት ፀጉር። ከሥር ሹሩባ ተሠርቶ ሂውማን ሄሩ በመርፌ ከላዩ ይሰፋል፣ ከፊት ግን ስፌቱን እንዲሸፍን የሴትዮዋ የራሷ ፀጉር ይተዋል፤ ይህን እርስዎ እኔን ያስተምሩኛል እንጂ እኔ ለእርስዎ ብነግርዎ ነውር ነው። ታዲያ በሁለት ጣትዎ ቆንጥረው ለሁለቱ ባልደረቦችዎ እያሳዩ «ርካሽ ፀጉር ማለት ይሄ ነው» ያሉት ያንን የተተወውን፣ ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁትን ነው። የተሰፋውን ዳብሰው ደግሞ «የራሷ እንዲህ እያማረ ምን አስጨመራት» አሉ። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ ፀጉሬን ተይዤ ስሰደብ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስተኛውን ቅሬታ እህቴ አንብባ ስለቀደደችው ወደ አራተኛው አልፋለሁ።

አራተኛ፣ ስላልታመንኩበት ጉዳይ። ተፈታኝ ካልተጠየቀ አይናገርም በሚለው ደንብዎ ምክንያት እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ስትቆም፣ እኔ «ይሄኮ የራሴ ነው» አልኩ። እዚህ ላይ ጥፋቴን አልክድም። በዚያው ጠዋት አጠገቤ የተቀመጠችውን ሞዴል ፀጉርሽ የፈረስ ጭራ ነው ብዬ አስለቅሻት ነበር፣ ጥበቃውንም የማዕከሉ ኃላፊ ልጅ ነኝ ብዬ ከወንበሩ አስነሥቼው ነበር፣ እርስዎም ሁለቱንም ሰምተዋል። ስለዚህ «አንቺማ ጥርሴም የራሴ ነው ትያለሽ» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ይባስ ብሎ እኔም ሳቅሁ፣ ጥሩ ቀልድ ሲመጣብኝ መቻል አልችልም። እህቴ ግን አልሳቀችም፤ መርፌዋን ጨርቅ ላይ ሰክታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ብትቆጣኝ ወይም ብታኮርፈኝ በወደድኩ። እሷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ አስቀምጣኝ፣ ስፌቱ እንዳይሳብ ሥሩን በአንድ እጇ ይዛ ከጫፍ ወደ ላይ ታበጥረኛለች፣ ሳይደርቅ እንዳትተኚበት ትለኛለች። ብቀመጥ ይቆረቁረኛል፣ ብቆም ያቁነጠንጠኛል፣ ከበር እስከ መስኮት ስመላለስ ምንጣፉ አለቀ።

አምስተኛ፣ ስለ ማስረጃው። ይግባኝ ሰሚው ኮሚቴ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው እንደሚሰበሰብ ስሰማ፣ ትናንት ወንዶች ፀጉር ቤት ገብቼ እርስዎ የቆነጠሩትን ቦታ፣ ከግንባሬ በላይ የጠርሙስ ክዳን የሚያህለውን፣ በምላጭ አስላጨሁት። ፀጉር ቆራጩ «ምን ነካሽ?» ቢለኝ «የቢሮ ጉዳይ ነው» አልኩት። የተላጨው በፖስታ ታሽጎ ከዚህ ጋር ተያይዟል። በቀጠሮው ቀን ከዚያ ቦታ ብቅ የሚለውን ከፖስታው ጋር ያስተያዩልኝ፤ በቀን ብርሃን፣ በር ላይ ወጥተው። አንድ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ እህቴ ብቁ ናት፣ ጥፋቱም የአምራቿ የእናቴ ነው፤ እሷን በማንኛውም ሰዓት ማነጋገር ይችላሉ፣ ስብሰባ የላትም።

ግንባሬን ነፋስ እየመታኝ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ የጣትዎን ብርታት እያደነቅሁ፣
የአራተኛው ወንበር ሞዴል፣
ጉዷ

ማስታወሻ፦ በዚያው ቀን ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ብቻዎን ተመልሰው፣ የተሰፋውን እየዳበሱ በጆሮዬ «ምን ብትቀቢው ነው እንዲህ የረዘመልሽ?» ሲሉኝ «የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ ጠዋትና ማታ» ያልኩዎ ለጨዋታ ነበር። ጸሐፊዎ መስኮቱን ሁሉ ከፍታ አፍንጫዋን ይዛ ስትሠራ ሳይ ነው የደነገጥኩት፤ እባክዎ መቀባቱን ይተዉት። ያ ፀጉር ከእሽግ ወጥቶ በእህቴ እጅ የተሰፋ ነው። ውሸቴን ያመኑኝን ያህል እውነቴን አምነውኝ ቢሆን ኖሮ፣ እሷ ዛሬ የራሷ ወንበር ይኖራት ነበር፣ እርስዎም ሽንኩርቱን በወጉ የሚያስለቅቅልዎት ሰው አያጡም ነበር።