የሞተች ልጄን ለጠራ ችሎት

ለተከበሩ የወረዳችን ዳኛ፤

በነፍስም በሥጋም እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ደክሟልና ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። ይህንኑ ደብዳቤ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በደጀ ሰላም ይሰሙታል።

አስቀድሜ አንድ ወሬ ላቅና። እማሆይ ወለተ ማርያም የፍርዱን ወረቀት እንደ ክታብ በአንገቷ አንጠልጥላ ትዞራለች ይባላል። ሐሰት ነው። ወረቀቱ ዳዊቴ ውስጥ ነው። አባቴ በቤተ ልሔም በልምጭ እየገረፉ ፊደል ያስቆጠሩኝ ወረቀት እንዳነብ እንጂ እንዳንጠለጥል አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። ልጄ ፈትለወርቅ ከባሏ ከቢሻው ስትፋታ፣ ያን ጊዜ የአራት ዓመት ሕፃን የነበረችው ልጃቸው ውብነሽ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ችሎትዎ ፈረደ። ሦስት ዓመት ሆነው። ቢሻው ልጂቱን አልሰጠም። ስለዚህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. ፍርዱን እንዲያስፈጽም ጭቃ ሹም ጓዴን ስላዘዙልን እናመሰግናለን። የጓዴ ሚስት የውብነሽ የክርስትና እናት ናት፤ ሰው ወደ አበልጁ ቤት ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚመለስ እርስዎም ያውቃሉ። በሰኔ ሄዶ «እማሆይ፣ ገበሬ ሞፈር ጨብጦ ሳለ ይታወካል እንዴ?» አለኝ። በነሐሴ ወንዙ ሞልቷል አለ። በጥር እህል እየተወቃ ነው አለ፤ ከንፈሩ ላይ ግን የበግ ጮማ ያብለጨልጭ ነበር።

፪ኛ. ልጄ ደጅ ስትጠና «አንቺ ልጅ፣ ታገሺ፤ ፍርዱ እንደሆነ የትም አይሄድ» ስላሉልን እናመሰግናለን። እውነትም የትም አልሄደም።

፫ኛ. ይህን ለማመስገን ቃል አጣሁ። ቢሻው ለልጂቱ እናትሽ ጥላሽ ሄደች ብሏታል። አምና በንፋስ መውጫ ገበያ ተገናኙ። ፈትለወርቅ ሸንኮራ ገዝታ ዘረጋችላት፤ ውብነሽ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ከአባቷ ጀርባ ተሸሸገች። ልጄ ሸንኮራውን ተሸክማ እስከ ቤት መጣች። ማንም አልበላውም።

፬ኛ. ፈትለወርቅ መስከረም ሃያ ቀን ዐረፈች። ትናንት ከችሎትዎ መጥሪያ መጣላት፤ የፍርድ ባለመብቷ ኅዳር ዘጠኝ ራሷ ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል ይላል። ትእዛዝዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ ከዋንዛው ሥር ተኝታለች፤ እሷን አስነሥቶ የሚያቀርብ ዳኛ ሌላ ነው። የእሱ ቀጠሮ አይዛነፍም፤ እርስዎንም አይረሳም።

ወንበርዎን እንደ ልጄ መቃብር የማይነቃነቅ ያድርግልዎ።

ትሕትናዋ ያልጎደለ፣
እማሆይ ወለተ ማርያም
ጥቅምት ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

የቀረኝ ቃል፦ ነገ የልጄ አርባ ነው። ውብነሽ የእናቷን ሞት አልሰማችም። ጓዴን ከማሳው ልነቅለው፣ እርስዎንም ከሥራዎ ላስተጓጉል አልሻም። ነገ ከኪዳን መልስ መጀመሪያ ወደ ቢሻው መንደር እሄዳለሁ። ከምንጩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ልጂቱ ውኃ ልትቀዳ እስክትመጣ እጠብቃለሁ። እንስራዋን አወርድላታለሁ። አስቀድሜ፣ እናትሽ አልተወችሽም እላታለሁ። መሞቷን የምነግራት ከዚያ በኋላ ነው።