አሥራ ሰባተኛው ስም

ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዳሌሽን እንዴት አደረገሽ? ሰኞ የነፈሰው ነፋስ የበረቱን ቆርቆሮ እንደነቀለው ወንድሜ ኮርማክ ነግሮኛል። አባባም ያ ሁሉ ሳል እያለበት ጣሪያ ላይ ካልወጣሁ ብሎ እንዳስቸገረሽ ሰምቻለሁ፤ መሰላሉን ደብቂበት። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ታይግ ላሞቹ እየወለዱበት ከበረት አይወጣም። ሙሪን ጉንፋኗ ለቋት ጫማ አላደርግም ማለት ጀምራለች፤ ድናለች ማለት ነው።

ሦስት ማይል ርቀት ላይ ተቀምጬ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። ግን ታውቂን የለ? በቃል ከሆነ ገና ሳንጀምር አንቺ ማንቆርቆሪያ ትጥጃለሽ፣ እኔ ካፖርቴን እፈልጋለሁ፣ አባባ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ዝናብ ብቻ እናወራለን። ይህን ታይግ በእጁ ያደርስልሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ ያው የትምህርት ቤቱ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ሙሪንን ሃይማኖት የማይሰጥበት ትምህርት ቤት ማስገባት እንደምፈልግ ከነገርኩሽ ዓመት አለፈ። በአካባቢያችን ያሉት በሙሉ የቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ሌላ ዓይነት ከተፈለገ ለአራት ዓመት ልጅ የአንድ ሰዓት አውቶቡስ ነው። ስለዚህ ወላጆች ተሰባስበን እዚሁ መስቀለኛ መንገዱ ላይ፣ በአሮጌው የወተት ማኅበር ግቢ፣ አንድ እንዲከፈትልን አመለከትን። የትምህርት ቢሮው የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመስከረም የሚጀምሩ የአሥራ ሰባት ሕፃናት ስም ከወላጅ ፊርማ ጋር፣ እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት። አንድ ከጎደለ አይከፈትም። ዓርብ ነገ ነው።

ባለፈው እሑድ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ሰኞ ዴርቭላ ደወለችና ልጄን ሰርዢልኝ አለችኝ። ለምን ስላት "መንገዱ ይርቀኛል" አለች። እማዬ፣ ዴርቭላ ልብስ ስታሰጣ የወተት ማኅበሩ ጣሪያ ይታያታል። ማክሰኞ ቤቷ ሄድኩ። ሻይ ልትቀዳልኝ ዞር ስትል መስኮቱ ሥር ሰማያዊ ወፍ ያለበት ሳህን ታጥቦ ቆሟል፤ ጠርዙ በኩል ኮርማክ በልጅነቱ የሸረፈው።

"ይሄ የእናቴ ሳህን ነው" አልኳት።

"አዎ፣ ባዶውን መመለስ አሳፍሮኝ ነው ያቆየሁት፤ ዛሬ ዳቦ ጋግሬ ልልክላት ነበር" አለች። ከዚያ አፏ ምን እንዳወጣ ገባትና ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

አትፍረጂባት፤ ተጨንቃ ነው የነገረችኝ። ምንም ክፉ ነገር አልተናገርሽም አሉ። የፖም ኬክሽን ይዘሽ ሄድሽ፣ ሻይሽን ጠጣሽ፣ ልጁ ማደጉን አደነቅሽ። ልትወጪ ስትይ ብቻ "ልጆቹ ሁሉ ለመጀመሪያ ቁርባናቸው ለብሰው፣ አጊጠው ሲሰለፉ፣ የኔ ጌታ አንተ ያን ቀን የት ትቆም ይሆን?" ብለሽ ጉንጩን ሳምሽው። "ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል" አለችኝ ዴርቭላ። እንዴት ይውረድላት? ቦታውን መርጠሽ ነው የወጋሻት።

ከእሷ ወጥቼ ወደ ሻሮን ሄድኩ፣ እሷም መንታዎቿን ልትሰርዝ ነው የሚል ወሬ ስለሰማሁ። ሻሮን ቤቷም አላስገባችኝ፣ በር ላይ አቁማ ነው "ይቅርብን" ያለችኝ። መንታዎቹ ግን በእግሮቿ መሃል ብቅ ሲሉ አፋቸው በስኳር ተለውሷል፤ ትንፋሻቸው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። በዚህ ሰበካ ፖም ላይ ያን ያህል ቅርንፉድ የምትጨምሪ አንቺ ብቻ ነሽ።

አሥራ ስድስት ቀረን።

እማዬ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ፊት ለፊት ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። "ይህቺ እብድ ልጆቻችሁን ታበላሻለች" ብለሽ ቅዳሴ ላይ ብትጮሂ ቆሜ እሰማሽ ነበር። ከጀርባዬ ዞረሽ፣ እኔ እየለመንኩ ያሳመንኳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በኬክ ማስኮብለልሽ ግን አንጀቴን አቃጥሎታል። መኪና ውስጥ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። የአርባ ዓመት ሴት በእናቷ ኬክ ምክንያት።

ምክንያትሽን አላውቅም አልልም። የእኛ ሰፈር ልጆች ወደ አዲሱ ከሄዱ የሰበካው ትምህርት ቤት ቁጥሩ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ከወረደ ከሦስቱ መምህራን አንዷ ትነሳለች። የምትነሳው መጨረሻ የገባችው ናት፤ እሷም የኮርማክ ሚስት ብሪዳ ናት። ሌላ አውራጃ ይመድቧታል፣ ኮርማክ ተከትሏት ይሄዳል፣ ጓሮሽ ያለው ቤት ይዘጋል፣ ልጃቸው ኑላም በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ "አያቴ" እያለች መምጣቷ ይቀራል። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ በደንብ አስቤዋለሁ። ብሪዳን እንደ ወለድሻት እንደምትወጃትም አውቃለሁ። አንዳንዴ ከእኔም ታስበልጫታለሽ፤ እሷ አትከራከርሽማ።

ታዲያ ለምን እንደ ሰው አልሆንም? ስንት ጊዜ ጠይቀሽኛል፤ አንድም ቀን መልሼልሽ አላውቅም። ዛሬ ልመልስልሽ።

ሰባት ዓመቴ ላይ ከቁርባኑ በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ስንናዘዝ ኃጢአት አጣሁ። ወረፋ ይዤ ባስብ ባስብ ምንም የለኝም። ስለዚህ ከጓዳሽ ብስኩት ሰርቄያለሁ ብዬ ለቄሱ ዋሸሁ። ይቅር ተባልኩ። ወጥቼ ስንበረከክ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ኃጢአት እዚያው መናዘዣ ሳጥኑ ውስጥ እንደሠራሁ ገባኝ። ይህን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ፣ ሁሉም የየራሱን ያወራል። እኔ ግን እምነቴ ያን ቀን ነው የቀረው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለአንቺ ስል ነበር። ሠርጌም ጭምር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልዋሸሁት ሙሪንን ክርስትና ሳላስነሳት ስቀር ነው።

የሰበካውን ትምህርት ቤትም ሳላይ አልጠላሁትም። በጥር ሙሪንን ይዤ ሄጄ ነበር። ርዕሰ መምህሩ መልካም ሰው ነው፤ ተንበርክኮ ነው ያነጋገራት። "በሃይማኖት ሰዓት ከኋላ ትቀመጥና ቀለም ትቀባለች፤ ማንም አይነካትም" አለኝ። ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱስ? አልኩት። "ያን ዓመት እንኳ ከቁርባኑ ዝግጅት የተነሳ ትንሽ ይበዛል" አለ። ብሪዳ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ትንንሾቹንም ቆራቢዎቹንም የምታስተምረው እሷ ስለሆነች። የቀለም እርሳስ ሣጥኑን አቅፋ መሬት መሬት ታያለች። ያኔ እኔን የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንዲት ሴት የምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣችብኝ። የሳል ሽሮፕ አለችኝ፣ ሰጠኋት። አንድ ሽማግሌ የደም ግፊት መድኃኒት እየወሰዱ ስለነበር እሳቸው እስኪወጡ የጥርስ ብሩሾቹን አንድ በአንድ ስታይ ቆየች።

"ስንት ጎደላችሁ?" አለችኝ።

"አንድ።"

"አምጪው።"

ቅጹ ባንኮኒው ሥር ነበር። አላወጣሁትም። "ቁጥሩ ሲወርድ ማን እንደሚነሳ እኔ ነኝ የማስታውስሽ?" አልኳት። "ቁጥሩንስ ካንቺ እኔ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ስም የምጠራው እኔ ነኝ" አለች። ሳቅ ብላ ነበር የጀመረችው፣ መሃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

ከዚያ ነገረችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባልተባረከ ኅብስት ልጆቹን ለቁርባን ስታለማምድ፣ እጃችሁን እንዲህ ዘርጉ፣ አሜን በሉ፣ አታኝኩ ስትል ኖራለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "ሚስ፣ አንቺ ግን ታምኚበታለሽ?" አለቻት። "አዎ አልኳት። ልጅቷም እሺ ብላ ቁጭ አለች። ያመነችው እኮ እኔን ነው" አለችኝ። "ከመስከረም ጀምሮ የራሴ ልጅ ፊቴ ልትቀመጥ ነው። እሷንም አዎ ልበላት?"

ባሏ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። "ፈርም ካልኩት ይፈርማል። ለእናትህ ንገራት ካልኩት ግን በረት ገብቶ ይደበቃል" አለች። በዚህ ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እሷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ቅጹን አወጣሁላት። ከኪሷ ቀይ እስክርቢቶ ስታወጣ በቀይ አይሆንም ብዬ የእኔን ሰጠኋት። የልጇን ስም ጽፋ ስትፈርም ጽሑፏ ከሁላችንም ያምር ነበር።

በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ "ንገሪያት። ለመጀመር አቅም የለኝም። ስሜን ግን አትጥሪ፣ እሱን ከእኔ አፍ ትስማው" አለችኝ። አልጠራሁም፣ ይኸው እንደምታይው።

አሥራ ሰባት ሞላን ማለት ነው። ነገ ጠዋት ቅጹን ራሴ ወስጄ አስረክባለሁ። ታይግ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ማድረስ ሞኝነት ነው ብሎኛል። "እናትሽ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ሌላ ቤት ለመግባት ጊዜ አላት" አለኝ። እውነቱን ነው። ካፖርትሽን ለብሰሽ መውጣት ትችያለሽ፣ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ፤ እሱም ሩቅ አይደለም። ብትሄጂ ትሰርዘዋለች፤ ለአንቺ እምቢ ማለት አትችልም። ይህን እያወቅኩ ነው የምልክልሽ። ከጀርባሽ ምንም እንዲደረግብሽ አልፈልግም፤ ከጀርባ ሲደረግ ምን እንደሚመስል ሰሞኑን አይቼዋለሁ።

መድኃኒትሽን ከምግብ በኋላ ውሰጂ፣ ባዶ ሆድ ላይ አይሆንም። ምርቃት በእኔ አፍ አያምርም ትይ ይሆናል፤ ቢሆንም ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ዳሌሽን ያሽርልሽ፣ አባባንም ከጣሪያ ይጠብቅልሽ። የልጅ ልጆችሽን አድገው ለማየት ያብቃሽ፣ የትም ይማሩ የት።

እሑድ እንደ ወትሮው ሁላችንም ለምሳ እንመጣለን። ድንች ስትልጡ አጠገብሽ የምትቆመው ሰው አንድ ነገር ልትነግርሽ ትሞክራለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምራ ታቆም ይሆናል። እስክትጨርስ ዝም ብለሽ ስሚያት፣ እማዬ። ስትመጣብኝ እንጀራዬ ይቀራል ብላ አልፈራችም። የፈራችው አንቺን ማጣት ነው።

የምትወድሽ፣ የምትከራከርሽ
ልጅሽ