እሜቴ ቤት ገብታለች

አጅሬ፣

የሩቁን ኩሬ ካሜራ ባትሪ ልቀይር ሄጃለሁ። ነገ ማታ እመለሳለሁ።

ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ውኃ ለመጠጥ ብቻ ነው። ለፀጉርህ አይደለም።

ጫማህን ሳታራግፍ አታጥልቅ። ዛሬም ጊንጥ ገብቶበት ነበር። ሽታ አይፈራም መሰለኝ።

ሌላው ነገር። ያቺ አንገቷ ላይ ሬዲዮ ያሰርንላት ሚዳቋ፣ እሜቴ የምላት፣ ሰሞኑን ምልክቷ ካንድ ቦታ አልነቃነቅ ብሎ ነበር። እኔም ለአለቃችን "ልትወልድ ተኝታለች" ብዬ አሳወቅሁ። ትናንት አንቴናዬን ይዤ አሸዋ ለአሸዋ ስዞር ዋልኩ። ምልክቱ እየጎላ እየጎላ መጣና ቤት አስገብቶ አልጋህ ሥር አንበረከከኝ።

የአንገቷን ማሰሪያ በካልሲ ጠቅልለኸዋል። ሬዲዮ በካልሲ ዝም አይልም። ይህን ያህል ጊዜ አብረን ሠርተን ይህን አለማወቅህ ይገርማል።

የጅብ ጥርስ እንዳረፈበት አየሁ። አካፋውንም ያለ ቦታው አገኘሁት።

ባለፈው እራት ላይ ስለሚወለደው ግልገሏ ሳወራ ቀና ሳትል ስለበላህ "አንተ አንጀት የለህም" ብዬህ ነበር። ይህንን ሳላይ ነው።

ስመለስ ስለዚህ ጉዳይ አናወራም። የት እንደቀበርካት ግን ካርታው ላይ ምልክት አድርግልኝ።

አለቃችን ደውሎ "ምን ወለደች?" ካለህ፣ "እሱ ሲመጣ ይነግርሃል" በለው።

ካልሲህን አጥቤ ገመዱ ላይ አስጥቼዋለሁ።

በመጠጡ ውኃ ነው።