ትልቁን ዓሣ ለአዲስ ገቢ

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ብርድ ሲሆን ጣቶችሽ አሁንም ይደነዝዛሉ? አክስቴስ ደህና ናት? ዛሬም በጨው መብዛትና ማነስ ትጨቃጨቃላችሁ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም የጎደለብኝ የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን። በይ አሁን መነጽርሽን ፈልጊና አረፍ በይ። ራስሽ ላይ ይሆናል፣ መጀመሪያ እዚያ እይው። ደግሞ ለአክስቴ አንብቢልኝ ብለሽ እንዳትሰጫት፤ እሷ የምታነበው እየዘለለች ነው፣ ይኼ ደግሞ የሚዘለል ነገር የለውም።

ከዚህ ከተማ የወጣሽ ቀን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆመሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። ስሜ እስኪመለስ ድረስ እግሬ እዚህ አይረግጥም አልሽ። ይኸው አራት ዓመት ሞላሽ። በመጣሁ ቁጥር ስለምንሽ ወሬ ትለውጫለሽ። ዛሬ ግን የምጽፈው ልለምንሽ አይደለም። እማዬ፣ ስምሽ ተመልሷል! እንዴት እንደሆነ ደግሞ ከሥሩ ልንገርሽ።

ዓሣ ማራቢያው ውስጥ ገንዳ አጣቢ ሆኜ መቀጠሬን ታውቂያለሽ። ያልነገርኩሽ ቤቱ ሊዘጋ ምንም ያህል እንዳልቀረው ነው። የምናረባው አፈ ሰፊውን ነው፤ ያንን ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን፣ አንቺና እኔ ስንት ዓመት ፊሌቶ ስናወጣው የኖርነውን። ባሕሩ ውስጥ እየተመናመነ ስለሄደ፣ የዓሣ ጫጩት አስፈልፍለን በመረብ አጥር ለሚያሳድጉ ሰዎች እንድንሰጥ ነው የተቋቋምነው። ሃያ አራት ዓሣ በትልቁ ገንዳ አስቀመጥን። ወቅቱ ሲደርስ እንቁላል ጣሉ። ደስ አለን። ግን እንቁላሉ በሙሉ ሰመጠ።

የለማ እንቁላል ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያልለማው ነው የሚሰምጠው። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያና ወንፊት ይዤ ከገንዳው ወለል ላይ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሁለት ወቅት ሙሉ ያንን የሞተ እንቁላል ስጠርግ ከረምኩ። ኃላፊያችንን ፕሮፌሰሩ እንለዋለን፤ የተማረ መሆኑ ሳያንስ ከቴርሞሜትሩ ጋር ስለሚነጋገር ነው። ዕድሜውን በሙሉ የሠራው ሐይቅ ዓሣ ላይ ነው። የውኃውን ሙቀት ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ፣ ምግባቸውን ለወጠ፣ ፓምፑን ሰደበ። እንቁላሉ ያው መስመጡን ቀጠለ። በመጨረሻ ባለቤቶቹ መጥተው በሦስተኛው ወቅት አንድ ጫጩት ካላየን በሩን እንዘጋዋለን ብለው ሄዱ። ሁላችንም የምንሄድበት ጠፋን።

አንድ ጠዋት ወለሉን እየጠረግኩ ገንዳው ውስጥ ያሉትን ልብ ብዬ ሳያቸው ሁሉም እኩያ ናቸው። መካከለኛ። ልክ እኛ ጠረጴዛ ላይ የምንሻማባቸው ዓይነት። ወዲያው የመጀመሪያ ቀኔ ትዝ አለኝ።

ታስታውሺያለሽ አይደል? ሥጋው የፋብሪካው፣ እንቁላሉ ሆዱን የከፈተችው ሴት ድርሻ በነበረ ጊዜ ማለት ነው። ዓሣው ጠረጴዛው ላይ ሲገለበጥ አሮጊቶቹ ሁሉ መካከለኛ መካከለኛውን እየነጠቁ፣ ያንን ግዙፉን ማንም ሳይነካው ይቀራል። እኔ ሞኟ ሰው አላየውም ብዬ ዘልዬ አቀፍኩት። ይኼን የሚያህል ሆድ ስንት እንቁላል ይኖረው ይሆን እያልኩ ቀደድኩት። ከውስጡ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ነገር ብቻ ወጣ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ! አንቺ ራስሽ በሽርጥሽ አፍሽን ሸፍነሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽብኝ፤ የገዛ እናቴ። ትልቁን ዓሣ ለአዲስ ገቢ መተው የቤቱ ደንብ ነው አልሽኝ። ከዚያ ቢላዋዬን እየሳልሽልኝ፣ አፈ ሰፊ ሁሉ ሴት ሆኖ ነው የሚጀምረው፣ ሲያረጅና ሲገዝፍ ነው ወንድ የሚሆነው፣ ስንት ዘመን ሆድ ስከፍት ግዙፍ ሆኖ እንቁላል የያዘ አላየሁም ብለሽ አስረዳሽኝ።

መጥረጊያዬን ጥዬ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሮጥኩ። ገንዳችን ውስጥ ወንድ የለም አልኩት። ሳቅ እያለ፣ ከሃያ አራት ዓሣ ግማሹ ወንድ መሆኑ መቼም አይቀርም አለኝ። ያንቺን ነገር ከነገርኩት በኋላም፣ እናትሽ ይህን የት ነው የተማሩት ብሎ ጠየቀኝ። በቢላዋ አልኩት። በማግስቱ ጠዋት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ደረቱ ላይ አቅፎ በር ላይ ጠበቀኝ። እዚሁ መደርደሪያዬ ላይ ነበር፣ ስለ መኖው የሚያወራውን አንብቤ ይኼን ምዕራፍ ዘለልኩት አለኝ፣ ፊቱ ቀልቶ። እንደ አክስቴ ማለት ነው። ሃያ አራቱንም አንድ በአንድ እያወጣን ሆዳቸውን ጫን ጫን አድርገን አየናቸው። ሁሉም ሴት! ሃያ አራት ሙሽራ ሰብስበን ሙሽራውን ረስተን ነበር። ፕሮፌሰሩ ሴት የነበረው እንዴት ወንድ ይሆናል እያለ ቀኑን ሙሉ ሲደነቅ ዋለ። እኔን ግን አልደነቀኝም፤ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝን ሴት አውቃታለሁ።

ግዙፎቹ አሁን አሁን ገና ከጀልባ ሳይወርዱ ለሆቴል ነው የሚሄዱት፤ ለዚህ ነው ለማራቢያው መካከለኛው ብቻ ሲደርሰው የኖረው። ስለዚህ የውኃ በርሜል መኪናው ላይ ጭነን በማለዳ ወደብ ወረድን። ሦስት ቀን ባዶ እጃችንን ተመለስን። በአራተኛው ቀን አንዱ ሽማግሌ ካፒቴን ነፍሱ ያልወጣ ግዙፍ አፈ ሰፊ ይዞ ገባ። የሆቴሉ ሼፍ ቀድሞን እጁን ጭኖበታል። ካፒቴኑን ለምኜው ለምኜው እምቢ ሲለኝ፣ እኔ እኮ የዓሣ ጠረጴዛ ልጅ ነኝ፣ እናቴ እገሌ ናት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ያቺ እንቁላል ሰረቀች የተባለችው አለኝ። እማዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አዎ፣ እሷ አልኩ። እሱም፣ ሚስቴ አጠገቧ ቆማ ነው የሠራችው፣ ያንን ወሬ እስከዛሬ አንድ ቀን አላመነችም አለና የሼፉን እጅ ከዓሣው ላይ አንስቶ ዛሬ ዶሮ አብስል አለው።

ከጥልቅ ስለወጣ ሆዱ በአየር ተነፍቶ ነበር። ካፒቴኑ ራሱ በቀጭን መርፌ ጎኑን ወግቶ አስተነፈሰልንና በርሜሉ ውስጥ አስገባነው። ገንዳ ስንደርስ ስሙን ጋሼ አልነው፤ እንዲያ ያለ ግርማ ሞገስ ያለውን በአንተ መጥራት ይከብዳል። ጋሼ አሥራ አምስት ቀን ከቱቦው ጀርባ ተሸሽገው እህል አልቀምስም አሉ። ልሞት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከእጄ ላይ አንድ ትንሽ ዓሣ ላፍ አደረጉ። ሰነበቱና ደግሞ መልካቸው እየጠቆረ፣ ሴቶቹን እያስከተሉ ገንዳውን መዞር ጀመሩ።

በወቅቱ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት መጥረጊያዬን ይዤ ገባሁ። ወለሉን ሳየው ንጹሕ ነው። አንድ እንቁላል የለም። አለቀልን፣ ጭራሽ መጣሉንም ተዉት አልኩ። ጠርዙ ላይ ተደግፌ ቁልቁል ስመለከት፣ የመስኮቱ ብርሃን በውኃው ፊት ላይ አረፈና እንቁላሉን አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ተንሳፍፏል! ሺህ በሺህ፣ እንደ መስታወት የጠራ፣ እያንዳንዱ በውስጡ አንዲት የዘይት ነጠብጣብ ያለችው። እንዴት እንደጮህኩ ብትሰሚ። ፕሮፌሰሩ በአንድ እግር ጫማ ሮጦ መጣና አቅፎኝ አለቀሰ። በማግስቱ ተፈለፈሉ፤ ከዐይን ሽፋሽፍት የሚቀጥኑ፣ ገና አፍ እንኳ ያላወጡ። ዛሬ ሁለት ወራቸው ነው፣ አውራ ጣቴን አክለዋል፣ ነጠብጣባቸውም ወጥቷል። አፋቸውማ ካሁኑ ሰፊ ነው!

ባለፈው ሳምንት ባለቤቶቹ ድግስ ደገሱ። ካፒቴኑ ከነሚስቱ፣ የጠረጴዛው ሴቶች፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም ሳይቀር መጡ፤ አዎ፣ ያ ሰውዬ። ፕሮፌሰሩ ተነሥቶ፣ ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፣ ያገኘችው ትናገር ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። ቆምኩ። ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ አዲስ ገቢው ደንብ፣ ስላንቺ ተናገርኩ። አጨበጨቡ። እዚያ ላይ መቀመጥ እችል ነበር። ግን አልተቀመጥኩም።

ስለዚያ ቀን ተናገርኩ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እንቁላል መውሰድ ስርቆት ነው ብሎ ከከለከለ ሳምንት እንዳልሞላው። ከሰዓት በኋላ እኔን ወደ በረዶ ክፍል እንደላኩኝ፤ የኔ ሽርጥ ስስ ጨርቅ ስለነበር ብርድ ይገድላታል ብለሽ ወፍራሙን የላስቲክ ሽርጥሽን እኔ ላይ አስረሽ፣ የኔን አንቺ እንዳሰርሽው። ከሥራ ስንወጣ በር ላይ ሲፈትሹሽ ከዚያ ከስሱ ሽርጥ ኪስ እንቁላል እንደተገኘ። ያንቺ ነው ወይ ሲሉሽ፣ ወደ እኔ ዞር ሳትይ፣ አዎ የኔ ነው እንዳልሽ።

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ ታዲያ የማን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። የኔ ነበር አልኩት።

መጀመሪያ ብድግ ያለችው የካፒቴኑ ሚስት ናት፤ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ ሴቶቹ አንድ በአንድ። ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆኖ የይቅርታ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ አለ። እኔም፣ ያባረሯት በአፍዎ ነው፣ በአፍዎ ይመልሷት አልኩት። ሰው ሁሉ እየሰማው፣ በድያታለሁ፣ ይቅር ትበለኝ፣ ሌባ አልነበረችም አለ። በማግስቱ የፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ እንቁላሉ እንደ ድሮው ሆዱን ለከፈተችው እንዲሆን። እኔንም ፕሮፌሰሩ ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ የእናቶቹን ገንዳ ቁልፍ ሰጠኝ። አንቺን ደግሞ ነይልን፣ ሳይከፍቱ ሴትና ወንዱን በእጅ ዳስሰው የሚለዩበትን አስተምሪን እያለ በየቀኑ ይጨቀጭቀኛል። ጣቶቿ ይደነዝዛሉ ብዬ ብነግረው፣ ውኃውን አሞቅላታለሁ አለኝ።

እማዬ፣ አራት ዓመት ዝም ያልሽው ለኔ ብለሽ ነው። እኔ ዝም ያልኩት ለራሴ ነበር። ይቅር በይኝ።

ከደብዳቤው ጋር ወፍራሙን የላስቲክ ሽርጥሽን ልኬልሻለሁ። አጥቤዋለሁ። ስትመጪ ይዘሽው ነይ። ያንን ስሱን ከሻንጣሽ ሥር አጥፈሽ እንዳስቀመጥሽው አክስቴ ነግራኛለች። እሱንም አምጪልኝ፤ ከእንግዲህ የራሴን እኔ ልሰረው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ከነጤናው ያርዝምልኝ፣ መንገድሽን የቀና ያድርገው። አክስቴን ሳሚልኝ፤ ጨው ትቀንስ። ጋሼም ሰላም ብለውሻል።

ያቺው አዲስ ገቢ፣
ልጅሽ