ልጅቷን ማን ጠየቃት?

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ጋሼስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አቃቂ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ስለደረቀ፣ ከባጃጅ ወርጄ ጫማዬን ሳልጠርግ ክፍል መግባት ጀምሬያለሁ።

ይህን አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስንነጋገር ጋሼ ሁልጊዜ አጠገብሽ ስለሚሆኑ ነው።

ባለፈው ሰኞ ለአሥራ አንደኛ ክፍሎች ስለ መካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ነገሥታት ሳስተምር ነበር። ንጉሥ በጦር ብቻ አይጸናም ነበር አልኳቸው፤ ለገዳማት መሬት ይሰጣል፣ መነኮሳቱም ይጸልዩለታል፣ ታሪኩን አሳምረው ይጽፉለታል። ከጠላቱ ጋር ደግሞ መልእክተኛና ስጦታ ልኮ፣ ሴት ልጁን ድሮለት ይታረቃል። “ብልህ ዘዴ ነበር” ብዬ ሰሌዳው ላይ አሰመርኩበት።

ፋጡ የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ አባቷ ከወሎ የመጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። እጇን አወጣችና፣ “ቲቸር፣ ልጅቷንስ ማን ጠየቃት?” አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን “መጽሐፉ ላይ የለም” ብዬ አለፍኩት።

እትዬ፣ አባባና አማትሽ በእርሻ ድንበር ደም ሊፋሰሱ ሲሉ ሽማግሌ የገባ ጊዜ፣ አንቺ ገና አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ለጋሼ ተዳርሽ፤ ሁለቱ ቤቶች ታረቁ። አማትሽም እኔን አቃቂ ወንድማቸው ዘንድ አስቀምጠው አስተማሩኝ። ሁሉም ደስ አለው። እኔም አዲስ ቦርሳ ተገዝቶልኝ ፈነጠዝኩ። ያንቺን ደብተሮች ማን እንደወሰዳቸው እንኳ አላውቅም።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ “እንዲህ የተዳረች አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ ማንም አልጠየቃትም” አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ፋጡ “አሁን እንዴት ናት?” አለች። “ደህና ናት፤ ትዳሯ ሰምሮላታል” አልኩ። “እሷ ናት እንዲህ ያለችው?” አለችኝ።

ቤት ገብቼ ያለፈውን ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። ልጅሽን አሰጋሽን ለትዳር ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች ከጓዳ ወጥተሽ፣ ጋሼ ቁጭ ብለው እያዩ፣ ራስሽ እንደመለስሻቸው ጽፈሽልኝ ነበር። መጀመሪያ ሳነበው ስቄ ነበር። አሁን ግን አለቀስኩ፤ የደስታ ነው፣ አትስጊ።

ለአሰጋሽ አልጋ ገዝቻለሁ፤ መስኮቱ ሥር ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባው ሳያልፍ ላኪያት። ጋሼን እኔ አናግራቸዋለሁ፤ እምቢ ቢሉም አንቺ ከሐሳብሽ እንደማትመለሺ አውቃለሁ።

ያለ ሐሳብ የምትተኚበት ሌሊት፣ ደስ ብሎሽ የምትነሺበት ጠዋት ይስጥሽ።

ባንቺ የተማረችው ታናሽሽ